ሴት ልጄን ሐና ልበላት?

ጥያቄ፦ «ከባለቤቴ ጋር ልጅ ለማግኘት ብዙ ዓመት ጠብቀናል። አሁን ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ሴት እንደሆነችም ሐኪም ነግሮናል። እኔ ገና ከጅምሩ ሐና የሚለውን ስም መርጬላታለሁ፤ ነገር ግን ሁሉም የየራሱን ይናገራል። የባለቤቴ እኅት ‹ሐና መካን ተብላ የተሰደበች፣ ስታለቅስ የኖረች ሴት ናት፤ ለልጅ እንዲህ ያለ ስም አይወጣም› ትለኛለች። አጎቴ ደግሞ ‹ሐና ክርስቶስን የመረመረው ሊቀ ካህናት ስም ነው› ብለው ተቆጥተዋል። ባለቤቴ ስሙን አይጠላውም፤ ግን በየሄድንበት ሐና የምትባል ስለማናጣ ልጃችን ከብዙዎቹ አንዷ ሆና እንዳትቀር ይሰጋል። ትርጉሙን ስፈልግ አንዱ ጸጋ፣ አንዱ አበባ፣ ሌላው ደስታ ነው ይላል። አጻጻፉም ቢሆን ሐና ይሁን ሃና አላውቅም። ምንጩንና ትርጉሙን ቢያስረዱኝ፣ ስሙን ልያዘው ወይስ ልተወው የሚለውንም ቢመክሩኝ።»

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣ ብዙ ከጠበቁ በኋላ ለደረሰዎት ምሥራች እንኳን ደስ አለዎት፤ በሰላም ያገላግልዎት። በደብዳቤዎ የተጠቀሱት ሰዎች ሁሉ የተነሡት ከአንድ እውነት ነው፤ የደረሱበት ድምዳሜ ግን የሚያስኬድ ሆኖ አላገኘሁትም። ስለዚህ ሐሳቤን አስቀድሜ ልንገርዎት፦ ስሙን አይተዉት። ምክንያቴን ግን ዘርዘር አድርጌ ማስረዳት ይገባኛል፤ ልጅዎ ከፍ ስትል «ስሜ ምን ማለት ነው?» ብላ መጠየቋ አይቀርምና ያን ጊዜ የሚሰጧት መልስ ከዛሬው ምርጫዎ ያላነሰ ዋጋ አለው።

ሐና ጥንተ መሠረቱ ዕብራይስጥ ነው። የወጣውም «ራራ፣ በቸርነት ተመለከተ፣ ጸጋን ሰጠ» የሚል ፍቺ ካለው የዕብራይስጥ ግሥ ነው። ከዚሁ ግሥ የተገኘውን ስም የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ብዙውን ጊዜ «ሞገስ» ብሎ ተርጉሞታል፤ ኖኅ በእግዚአብሔር ፊት ሞገስን አገኘ የሚለውን ሲያነቡ በዕብራይስጡ ከዚያው ቦታ የሚያገኙት ቃል የልጅዎ ስም የበቀለበት ቃል ነው። ሞገስ በዚህ አነጋገር ሰው ሠርቶ የሚጠይቀው ደመወዝ ወይም ተሟግቶ የሚያስከፍለው ዕዳ አይደለም፤ መስጠት የሚችለው ወገን በገዛ ፈቃዱ የሚሰጠው ቸርነት ነው። እንግዲህ «ጸጋ» ያለዎት ሰው ትክክለኛውን ነግሮዎታል፤ «ሞገስ» የሚልዎት ቢኖርም አልተሳሳተም።

ይህ ግሥ ያፈራቸው ስሞች ብዙ ናቸው። ዮሐንስ «እግዚአብሔር ጸጋን ሰጠ» ማለት ሲሆን፣ ሐናንያ ያንኑ ሐሳብ ቅደም ተከተሉን ገልብጦ ይናገራል። በሉቃስ ወንጌል ጌታን ከተከተሉት ሴቶች አንዷ የሆነችው የኩዛ ሚስት ዮሐናም ከዚሁ ቤተሰብ ናት። ግሡ በፊንቄያውያን ዘንድም ስለነበረ የካርታጎው የጦር መሪ ሐኒባል ስም «በኣል ጸጋን ሰጠ» የሚል ትርጉም አለው። በዘመዶችዎ መካከል ዮሐንስ የሚባል ሰው ካለ የእርሱና የልጅዎ ስም ከአንድ ግንድ የወጡ መሆናቸውን ማወቅ ደስ ሊያሰኝዎት ይችላል።

«አበባ» የሚለው ትርጉም የመጣው ከጃፓንኛ ነው፤ በዚያ ቋንቋ አበባ ሃና ይባላል፤ በኮሪያኛ ደግሞ ያው ድምፅ «አንድ» ማለት ነው። «ደስታ» የሚለው ሃናእ ከሚባለው የዐረብኛ ስም የተወሰደ ነው፤ ይህም የሚጀምረው በሌላ «ሀ» ነውና ከዕብራይስጡ ሐና ጋር የሥር ዝምድና የለውም። በዐረብኛ የእርስዎ ሐና እውነተኛ ዘመድ ሐናን፣ ማለትም ርኅራኄ፣ የሚለው ስም ነው። እነዚህ ሁሉ በየቋንቋቸው መልካም ስሞች ናቸው፤ እርስዎ የመረጡት ግን ከመጽሐፍ ቅዱስ የመጣውን ስለሆነ የአበባና የደስታ ትርጉም ወደ እርሱ ሊቀላቀል አይገባም።

አሁን ወደ ባለቤትዎ እኅት ስጋት ልምጣ፤ ከተነገረዎት ሁሉ በቁም ነገር ሊታይ የሚገባው እርሱ ነው። ሐና ማልቀሷ እውነት ነው። በመጀመሪያው መጽሐፈ ሳሙኤል እንደተጻፈው የሕልቃና ሚስት ነበረች፤ ጣውንቷ ፍናና ልጆች ስለነበሯት በየዓመቱ ለመሥዋዕት ወደ ሴሎ ሲወጡ ታበሳጫት ነበር፤ ሐናም ታለቅስ ነበር፤ እህልም አትቀምስም። ባሏ ይወዳታል፤ ከዐሥር ልጆች እኔ አልሻልሽምን ብሎም ሊያጽናናት ሞክሯል። ብዙ ዓመት ልጅ ለጠበቀች ሴት ከሚወዳት ሰው እንኳ የሚመጣ እንዲህ ያለ ማጽናኛ ሐዘኗን እንደማያነሣላት እርስዎ ከማንም በላይ ያውቁታል ብዬ አስባለሁ።

ታሪኩ ግን በዚያ አይቆምም። ሐና ከማዕዱ ተነሥታ ወደ መቅደሱ ሄደች፤ በልቧም ጸለየች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅዋ ግን አይሰማም። በመቃኑ አጠገብ በወንበር ተቀምጦ የነበረው ካህኑ ዔሊ አፏን ሲመለከት የሰከረች መሰለውና እስከ መቼ ትሰክሪያለሽ፣ የወይን ጠጅሽን አርቂ ብሎ ገሠጻት። ሐናም አልደነገጠችም፤ አልተቆጣችምም። ጠጅም ሌላም የሚያሰክር ነገር እንዳልጠጣች፣ ልቧ ያዘነባት ሴት እንደሆነችና ነፍሷን በእግዚአብሔር ፊት እያፈሰሰች እንደነበር በአክብሮትና በግልጽ ነገረችው። ካህኑም ተግሣጹን ወደ ምርቃት ለወጠው። እርሷ ስትመልስለት በፊትህ ሞገስ ላግኝ አለች፤ በዕብራይስጡ ይህ «ሞገስ» የራሷ ስም የወጣበት ቃል ነውና አድማጩ በንግግሯ ውስጥ ስሟን ይሰማዋል። ከዚያም ሄዳ በላች፤ ፊቷም ከዚያ ወዲያ አላዘነም ይላል። ልብ ይበሉ፤ ይህ የሆነው ሳሙኤልን ከመፀነሷ በፊት ነው። ምንም ገና በእጇ ሳይገባ ነው ፊቷ የተፈታው።

ከዚህ በኋላ ያለውን ያውቁታል። ሳሙኤል ተወለደ፤ ጡት ሲተው ወደ ሴሎ አመጣችው፤ በየዓመቱም ትንሽ መደረቢያ እየሠራች ትወስድለት ነበር። ለሚያድግ ልጅ በየዓመቱ ሌላ ልብስ መስፋት የምታስብ እናት በዓይነ ኅሊናዬ ስትታየኝ የሐና ማንነት ከለቅሶዋ ይልቅ በዚህ ውስጥ ጎልቶ ይታየኛል። ሦስት ወንዶችና ሁለት ሴቶች ልጆችም ኋላ ተጨመሩላት። ያ ሳሙኤል ሳኦልንና ዳዊትን ቀብቶ ያነገሠ ነቢይ ሆነ። የኃያላን ቀስት እንደተሰበረና ደካሞች ኃይል እንደታጠቁ የሚናገረው መዝሙሯ እመቤታችን በኤልሳቤጥ ቤት ከዘመረችው መዝሙር ጋር እጅግ የተቀራረበ ነው፤ እኛም በመዝሙረ ዳዊት መጽሐፍ ውስጥ ከነቢያት ጸሎት ጋር ተጽፎ እናገኘዋለን። የአይሁድ ሊቃውንት በፊናቸው ሰው ሲጸልይ ልቡን ማቅናት፣ ከንፈሩን ማንቀሳቀስና ድምፁን ዝቅ ማድረግ እንዳለበት የተማሩት ከእርሷ ነው፤ ታሪኳንም በአዲስ ዓመታቸው የመጀመሪያ ቀን ያነብቡታል።

ስለዚህ ለባለቤትዎ እኅት የምሰጣት መልስ አጭር ነው። ሐና የሐዘን ስም ቢሆን ኖሮ መጽሐፉ ራሱ ያሳየን ነበር፤ የሐዘን ስም ምን እንደሚመስል እዚያው ጥቂት ምዕራፍ ወረድ ብሎ ተጽፏልና። የፊንሐስ ሚስት በመከራ ቀን የወለደችውን ልጅ «ክብር ከእስራኤል ለቀቀ» ስትል ኢካቦድ አለችው። ሐና ግን ጸጋ ተብላ የተጠራችው ገና ሳታለቅስ ነው፤ ለቅሶው መጥቶ አለፈ፤ ስሙ ጸንቶ ቀረ።

እዚህ ላይ ያልጠየቁኝን አንድ ነገር ብጨምር ቅር እንደማይልዎት ተስፋ አደርጋለሁ። ብዙ ወላጆች ይህን ስም ሲጠበቅ ለኖረ ልጅ ያወጡታል። በታሪኩ ውስጥ ግን ሐና የምትጠብቀው እንጂ የምትጠበቀው አይደለችም፤ ሲጠበቅ የነበረው ሳሙኤል ነው። በመሆኑም ስሙን ለልጅዎ ሲሰጡ የእርስዎን የጥበቃ ዓመታት መታሰቢያ አድርገው ብቻ አይስጧት። የወላጆቿ ሐዘን ማብቂያ መሆኗን ዘወትር እየሰማች የምታድግ ልጅ ከባድ ነገር ትሸከማለች። ይልቁንም የስሟ ባለቤት ለራሷ መናገር የምታውቅ፣ በተሳሳተ ዓይን ሲያዩዋትም ሳትሳደብ እውነቷን የገለጸች ሴት እንደነበረች ይንገሯት፤ ይህኛው የራሷ ይሆናል።

በመጽሐፍ ቅዱስ ሌላም ሐና አለች፤ ሕፃኑ ኢየሱስ ወደ ቤተ መቅደስ በገባ ጊዜ ያመሰገነችው የፋኑኤል ልጅ፣ 84 ዓመት የተጻፈላት ነቢይት። ስሙን በዓለም ሁሉ ያስፋፋችው ግን በወንጌላቱ ውስጥ ስሟ የማይገኘው የእመቤታችን እናት ናት። የኢያቄምና የሐና ታሪክ በጽሑፍ የሚገኘው በያዕቆብ ስም ከሚጠራ፣ በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከተጻፈ መጽሐፍ ነው፤ እዚያም ሐና በአትክልት ቦታዋ ተቀምጣ ዛፍ ላይ የድንቢጦች ጎጆ ባየች ጊዜ ወፎቹ እንኳ ልጆች እንዳሏቸው እያሰበች ታዝናለች። በእስልምናም የመርየም እናት ስሟ በቁርኣን ባይነገርም በማኅፀኗ ያለውን ለአምላክ ስትሳል የተጻፈላት የዒምራን ሚስት ናት፤ ሊቃውንቱም ሐና ይሏታል። አይሁድ፣ ክርስቲያኖችና ሙስሊሞች በአንድነት በክብር የሚያነሡት የሴት ስም ጥቂት ነው።

አጎትዎ ያነሡት ሊቀ ካህናት በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በእርግጥ ሐና ተብሎ ተጽፏል፤ ሐናና ቀያፋ የሚለውን የማያውቅ የለም። ነገር ግን የእርሱ ስም በግሪክኛው ከሴቲቱ ስም በመጨረሻው ፊደል ይለያል፤ ሐናን ወይም ሐናንያ የሚለው የወንድ ስም ያጠረበት ነው። በእኛ አጻጻፍ የመጨረሻው ፊደል ስለቀረ ሁለቱ አንድ መሰሉ። በዚያ ላይ ሐናንያ የሚባልም በሐዋርያት ሥራ ውስጥ መሬቱን ሸጦ የዋሸ ሰው አለ፤ በዚያው መጽሐፍ ደግሞ የጳውሎስን ዓይን ያበራው ደቀ መዝሙር ሐናንያ ይባላል። አጎትዎን በአክብሮት ይህን ቢያስረዷቸውና የሳሙኤልን እናት ቢያስታውሷቸው የሚከፉ አይመስለኝም።

የባለቤትዎ ጥያቄ ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል፤ የዚህ ስም ተወዳጅነት ረጅም ታሪክ አለውና። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው። ስሙ ወደ ግሪክኛ ሲገባ በቋንቋው «ሐ»ን የሚጽፍ ፊደል ስላልነበረ አና ሆነ፤ ላቲንም ከዚያው ወሰደው። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ንጉሠ ነገሥት ዩስቲንያን በቁስጥንጥንያ በእመቤታችን እናት ስም ቤተ ክርስቲያን አሠራ፤ ከዚያም አና በቤተ መንግሥት ሴቶች ዘንድ የተለመደ ሆነ፤ የአባቷን የንጉሠ ነገሥት አሌክሲዮስን ዘመን ታሪክ የጻፈችው አና ኮምኔኔ (1083–1153) ከእነርሱ አንዷ ናት። ስሙን ከአገር ወደ አገር ካዘዋወሩት መካከል ሙሽሮች መኖራቸውን ሳስብ ይደንቀኛል። የቁስጥንጥንያዋ ልዕልት አና በ988 ገደማ የኪየቩን ልዑል ቭላዲሚርን አገባች፤ የልጅ ልጁ አና በ1051 የፈረንሳዩ ንጉሥ የቀዳማዊ ሄንሪ ሚስት ሆና ሄደች፤ በ1382 ደግሞ የቦሄሚያዋ አና የእንግሊዙን ንጉሥ ዳግማዊ ሪቻርድን አገባች። በመካከለኛው ዘመን ማብቂያ በምዕራብ አውሮፓ የቅድስት አና ክብር ምን ያህል ሰፍቶ እንደነበር ለማወቅ ኋላ የፕሮቴስታንት ተሐድሶን የመራውን ማርቲን ሉተርን ማስታወስ ይበቃል፤ በ1505 መብረቅ አጠገቡ በወደቀ ጊዜ ቅድስት አና ሆይ እርጂኝ፣ እመነኩሳለሁ ብሎ ተሳለ።

ከተሐድሶው በኋላ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ፕሮቴስታንቶች ስሞችን በቀጥታ ከብሉይ ኪዳን መውሰድ ሲጀምሩ ሐና በ«ሐ»ዋ ተመለሰች። የእንግሊዝኛው መጽሐፍ ቅዱስ የሳሙኤልን እናት ሃና፣ የፋኑኤልን ልጅ አና ብሎ ስለሚለያቸው በዚያ ቋንቋ ሁለት ስሞች ሆነው ቀሩ፤ አን፣ አኒታ፣ አኔት፣ ናንሲም ከአና ወገን የመጡ ናቸው። በአማርኛ ግን ሁለቱም ያው ሐና ናቸው፤ እኔም ይህ አንድነት ተጠብቆ መቆየቱን እንደ ትልቅ ነገር አየዋለሁ።

አሁን ወደ ቁጥሩ። በአሜሪካ የማኅበራዊ ዋስትና መዝገብ በ1880 ለሴቶች ልጆች ከሜሪ ቀጥሎ 2ኛው ስም አና ነበር። ሃና የሚለው መልክ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ እጅግ ከቀነሰ በኋላ በመጨረሻዎቹ አሥርት ዓመታት እንደገና ወጣ፤ ከ1998 እስከ 2000 ባሉት ሦስት ዓመታት 2ኛ ደረጃ ላይ ደርሷል። በጀርመንም በቅርብ ዓመታት ከቀዳሚዎቹ መካከል ነው። ይህን ሲሰሙ ባለቤትዎ ስጋታቸው የተረጋገጠ ሊመስላቸው ይችላል፤ ነገር ግን ደረጃና ብዛት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በ1880 በዚያው መዝገብ ከ100 ሴት ሕፃናት 7 ያህሉ ሜሪ ተብለው ነበር፤ በ2000 ግን 2ኛ የነበረው ሃና የተሰጠው ከ100 ለ1 ያህል ብቻ ነው። ወላጆች የሚመርጡባቸው ስሞች እየበዙ ስለሄዱ የታወቀ ስም እንኳ የሚደርሰው ለጥቂቶች ነው።

ደግሞም ስም ከሌላ ሰው ጋር መጋራት የሚያስቸግረው በሩቅ ሳይሆን በቅርብ ነው። በአገር ውስጥ ስንት ሐና እንዳለች መቁጠር ትርፍ የለውም፤ በቅርብ ዘመዶቻችሁ መካከል ከልጃችሁ ጋር አብራ የምታድግ ሐና አለች ወይ ብሎ መጠየቅ ግን ይጠቅማል። ካለች፣ ከወላጆቿ ጋር ተመካከሩ። ከሌለች ባለቤትዎን የሚያሰጋ ነገር አይታየኝም። አንድ ዘመን ወጥቶ ወዲያው ከሚጠፋ ስም ይልቅ ሐና ያላት ብልጫ ይህ ነው፤ የያዘችውን ሴት በየትኛው ዓመት እንደተወለደች አያሳብቅባትም፤ ለሕፃንም ለአያትም እኩል ይሆናል።

በመጨረሻ ስለ አጻጻፉ። በፊደላችን ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ እና ብዙኃኑ ኀ ዛሬ በአማርኛ አንድ ድምፅ ስላላቸው ሐና፣ ሃና፣ ሀና ሁሉም ይጻፋሉ፤ ሰው ሲያነባቸውም አይለያቸውም። እኔ ሐመሩን ሐ እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም የዕብራይስጡ ፊደል አቻ እርሱ ነው፤ መጽሐፍ ቅዱሱም የሚጽፈው በእርሱ ነው፤ ከዮሐንስና ከሐናንያ ጋር ያላት ዝምድናም የሚታየው በዚሁ ፊደል ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ ሁለት ኤን ያስፈልገዋል፤ «ና» ጠብቃ የምትነበበው በዚህ ነው፤ በአንድ ኤን ከተጻፈ ባዕድ አንባቢ አላልቶ ያነበዋል። መጨረሻው ላይ ኤች መጨመር የእንግሊዝኛ ልማድ ስለሆነ ብትጨምሩትም ብትተዉትም ስሕተት የለውም። ዋናው ጉዳይ ኮምፒዩተር ሐናንና ሃናን ሁለት ሰው አድርጎ መቁጠሩ ነው። ስለዚህ ሕፃኗ ከመወለዷ በፊት ከባለቤትዎ ጋር ሆናችሁ በሁለቱም ፊደል አንድ አንድ አጻጻፍ ቁረጡና በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ፤ የሆስፒታሉ ጸሐፊ፣ የልደት ምስክር ወረቀቱን የሚሞላው ሠራተኛ፣ የክትባት ካርዱን የምትጽፈው ነርስና በኋላም የትምህርት ቤቱ መዝጋቢ በየመሰላቸው እንዳይጽፉት ያንኑ ወረቀት እያሳያችሁ አስመዝግቡ፤ የተጻፈውንም ከመፈረማችሁ በፊት ፊደል በፊደል አንብቡት።